ከሂላው ጀርባ

ሰው ከጅብ ይሸሸጋል፤ ከሽፍታ ይሸሸጋል፤ አማቱን ሲያይም ጥግ ጥጉን ይይዛል። ባንታምላክ ግን በዚያ ጠዋት የተሸሸገው፣ ድምፅዋን ለመስማት ሳምንቱን ሙሉ ዓርብን ሲጠብቅ ከሚሰነብትላት ልጅ ነበር።

ፀሐይዋ ከዶካ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ብቅ ማለቷ ነው። የእርሻው ሠራተኞች ሸራቸውን ዘርግተው ሂላ ማራገፍ ጀምረዋል። ሂላ ማለት ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ጫፍ ለጫፍ ተደጋግፎ እንዲደርቅ የቆመ ሰሊጥ ነው። ሲደርቅ ፍሬውን የያዘው ቆባ ወደ ሰማይ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ የደረሰን ሂላ ማንም እንደ ዋዛ አይጠጋውም። ነዶውን እንደ አራስ ልጅ ቀጥ አድርገው አቅፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ሸራው ላይ ነው የሚደፉት። ትንሽ ካጋደለ ፍሬው መሬት ገባ ማለት ነው። መሬት የገባ ሰሊጥ ደግሞ ወይ የጉንዳን ነው፣ ወይ የእግዜር።

በዶካ መንገድ አንድ ነጭ ፒክአፕ አቧራውን እያቦነነ መጣ።

«ገዢው መጡ!» አለ ጉዕሽ፣ ከቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ለእርሻ ሥራ የመጣው ጓደኛው፣ መዳፉን ግንባሩ ላይ ከልሎ እያየ። «ከገዳሪፍ ጋሽ እንግዳው ናቸው። ልጃቸውንም ይዘዋል። ወይለይ ባንቲ! ቢጫ ቶብ ተከናንባ፣ ሜዳውን አበራችው እኮ!»

ባንታምላክ እጁ ላይ የነበረውን ነዶ ቀስ አድርጎ አቆመው። ቀጥሎ ምን እንዳደረገ እሱም አያውቀውም፤ ራሱን ያገኘው ከአንድ ትልቅ ሂላ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላልሰማ ሰው እንንገረው። ባንታምላክ የመተማ ቆላ ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ፈተናው እምቢ ሲለው፣ አገሩም ሰላም ስታጣ፣ ለአረም ድንበሩን ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ከአረሙ ወደ አጨዳው ዘለቀ። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ሳሉግ ማጭዱንና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ሥራው በመሸበት የሚያድር ነው። ባንታምላክ ከሌላው ሳሉግ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ የተጠቀለለ መጽሐፍ አለው። ሽፋኑን አይጥ በልቶታልና ርዕሱ አይታወቅም። የደራሲዋ ስም ግን ከውስጥ ተርፏል፤ ሸጊቱ ማስተዋል ይላል።

እትዬ ሸጊቱ፣ እሱ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ ስለ ንጉሥም ስለ ጀግናም አይጽፉም፤ የሚጽፉት የራሳቸውን ጉድ ነው። ሊያጯቸው ሽማግሌ በመጣ ዕለት ቦይ ውስጥ ወድቀው፣ ከአንገት በታች ጭቃ ሆነው እንደተቀበሏቸው ይጽፋሉ። ለቅሶ ቤት ሳቅ አፍኗቸው፣ ሳቁን ለቅሶ ለማስመሰል «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ሲጮኹ፣ ሟቿ ሴት ሆና እንደተገኘች ይጽፋሉ። ሌላው ሰው አፈር የሚያለብሰውን እሳቸው ገበያ ያወጡታል። ባንታምላክ ምሳ ሰዓት ላይ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ሥር ጋደም ብሎ ያነባቸውና ብቻውን ይስቃል። ፈተና መውደቁ፣ ለእናቱ ደጋግሞ «ደህና ነኝ» ማለቱ፣ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ መተሳሰሩ፣ ሁሉም ለዚያች ሰዓት ይቀልለዋል። «እኔ ብቻ አይደለሁማ» ይላል በልቡ። ከዚህ የበለጠ ዘመድ አልነበረውም።

የጋሽ እንግዳውን ልጅ ሃናን ያገኘውም በእሳቸው ምክንያት ነው። ክረምት ላይ ገዳሪፍ ወርዶ፣ ከአንድ ሱቅ በር ዝናብ ተጠልሎ ሲያነብ ድንገት ሳቁ አመለጠው።

«ምን ያስቅሃል አንተ?» አለችው ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ። «ለእኛስ አይነገርም?»

ሃና ተወልዳ ያደገችው ገዳሪፍ ነው። ካርቱም ፋርማሲ ስትማር ጦርነቱ መጣና ወደ አባቷ ሱቅ መለሳት። አማርኛ ስትናገር ወንዝ ናት፤ ንባብ ላይ ግን ትንተባተባለች፣ የተማረችው በዓረብኛ ነዋ። አባቷ ለመጣ ለሄደው «የእኔ ልጅ ፊደሉን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» እያሉ ይኮራሉ። እሷም አንድም ቀን «አይደለም አባዬ» ብላቸው አታውቅም።

ባንታምላክ የለቅሶ ቤቱን አነበበላት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ወላሂ ይቺ ሴትዮ እብድ ናት! ታኒ! ድገምልኝ!» አለችው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ አባቷ ገበያ በሚወጡበት ሰዓት፣ ከባንኮኒው ማዶና ማዶ ሆነው በአንዲት ሴት ጉድ ሲስቁ ክረምቱ አለፈ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይን ለዓይን ይገጣጠሙና ሁለቱም ወደ ጎዳናው ይዞራሉ፤ ጎዳናው ላይ ግን የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው። ጉዕሽ ያዋሰውን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ሸሚዙ ነው ያናገረው።

«ዶካ አካባቢ ነኝ። የእርሻ ወኪል።»

ወኪል የባለ እርሻው ቀኝ እጅ ነው፤ ሳሉጎቹን የሚቀጥርና የሚያዝ። ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ላባ ነበረች፤ ዓርብ በመጣ ቁጥር ግን ድንጋይ እየሆነች ሄደች። ማጭድ የበላው መዳፉ እንዳይታይበት መጽሐፉን በሁለት እጁ ጥፍንግ አድርጎ መያዝ ለመደ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ይኸው ነበር፤ መዋሸት በማያውቁ ሴት መጽሐፍ ሥር ውሸቱን መደበቁ።

እንግዲህ አሁን ከሂላው ጀርባ ቁጢጥ ብሏል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ያ ዓም» አለች የሃና ድምፅ። «ወኪሉን ልንጠይቅ ነበር። ባንታምላክ የሚባለውን።»

ሰላም ያለችው ሙዓዊያን ነው፤ ሱዳናዊውን፣ ዕውነተኛውን ወኪል። ሐበሻ ሲያሠራ ዘመኑን በመፍጀቱ አማርኛውን እየሰባበረም ቢሆን ይናገረዋል። «ወኪል? ወኪል እኔ፣ ያ ቢንቲ!» ብሎ ደረቱን መታ። «ባንታምላክ ሳሉግ! ጥሩ ሳሉግ። አሁን እዚህ ነበር፣ ወዴት ሄደ?»

ባንታምላክ ይህን ሲሰማ አጥንቱ ሁሉ ማነስ ፈለገ። ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጀርባው ሂላውን ነካው። ሰሊጥ አጭዶ፣ ሰሊጥ አስሮ፣ ሰሊጥ ያቆመ ሰው፣ የደረሰ ሂላ እንደማይደገፉት በዚያች ቅጽበት ረሳው።

ሂላው መጀመሪያ ቃ አለ። ቀጥሎ እንደ ሰከረ ሰው በቀስታ ዘመመ። ከዚያ ቻቻቻቻ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የሐምሌ ዝናብ። ያ ሁሉ ፍሬ ተዘርግፎ መሬት ገባ።

«ኧረ በሥላሴ!» አለ አንዱ። «ያ ሳላም!» አለ ሙዓዊያ ራሱን ይዞ።

አቧራው ሲረግብ ባንታምላክ ሁሉም ፊት ተቀምጧል። ሰሊጥ በፀጉሩ፣ ሰሊጥ በጆሮው፣ ሰሊጥ በቅንድቡ።

ሃና ሁለት እርምጃ ቀረበች። መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቀጥሎ የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ያችን የከንፈር እንቅስቃሴ ያውቃታል፤ እትዬ ሸጊቱ ቦይ ውስጥ ሊወድቁ ሲሉ የምትመጣ ናት። በሩን ከፍታለት ነበር። አንድ ቃል ቢናገር፣ ቢስቅ፣ ዝም ብሎ ስሟን ቢጠራ በቂ ነበር።

«ባንታ?» አለችው።

ጋሽ እንግዳው ዞር ብለው «ታውቂዋለሽ እንዴ ይሄን ልጅ?» አሏት።

ያ የታሰረ ምላሱ ቀደመው። «ተሳስተሻል እህቴ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሌላ ሰው መስዬሽ ነው። አላውቅሽም።»

የከንፈሯ ጫፍ ወደ ቦታው ተመለሰች። «ኸላስ፣ በቃ» አለች ቀስ ብላ። «ተሳስቻለሁ ማለት ነው።» ቶቧን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ መኪናው ተመለሰች። ባንታምላክ ያን ቢጫ ጨርቅ አቧራው እስኪውጠው ድረስ ማየት እንኳ አልቻለም፤ ዓይኑን ከመሬቱ ማንሣት ከብዶት ነበር።

የፈሰሰውን ሰሊጥ ከአፈር መለየት የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ይዝቃል፣ አንዱ በወንፊት ይነፋል። ጉዕሽ ሳይጠራ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሰሊጡን እንለቅመዋለን» አለ። «ፊትህን ግን ማን ይልቀምልህ?»

«ተወኝ ጉዕሽ።»

«አልተውህም። ሸሚዜን ለብሰህ ነው የዋሸኸው፤ እኔም አለሁበት። ኣንታ፣ ለመሆኑ የትኛው ነው ያሳፈረህ፤ ሳሉግ መሆንህ ነው ወይስ መዋሸትህ?»

ባንታምላክ ወንፊቱን ነቀነቀ። «ሦስተኛው» አለ።

«ሦስተኛ ምን አለ?»

«አላውቅሽም ማለቴ።»

ጉዕሽ አፈሩን በመዳፉ እያማሰለ «እኔ የሆንኩትን ልንገርህ» አለ። «ቱነይድባ የራሽን ሰልፍ ላይ የሒሳብ መምህሬን አየኋቸው፣ መምህር ገብረእዝጊን። እንደዚያ ክራቫት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ ሰውዬ፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው። አፈርኩና ፊቴን አዞርኩ። ለካ እሳቸውም አይተውኝ ኖሮ ፊታቸውን አዙረዋል። እኔ በዚህ ዞሬ ላመልጥ፣ እሳቸው በዚያ ዞረው ሊያመልጡ፣ ግንባር ለግንባር ተላተምን!»

«ሳቃችሁ?»

«አለቀስን። ከዚያ ሳቅን። አሁን እዚያ ስሄድ ሰልፍ አብረን ነው የምንይዝ።»

ባንታምላክም ሊስቅ ፈለገ፤ ሳቁ ግን ደረቱ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከራኩባው ሥር ገብቶ መጽሐፉን አወጣ። ቦዩን ገለጠ፤ አላሳቀውም። ለቅሶ ቤቱን ገለጠ፤ አላሳቀውም። አልጋው ላይ እንደሚገላበጥ ታማሚ ገጹን ሲያገላብጥ፣ እስከ ዛሬ እየዘለለ ያለፈው ታሪክ ላይ ደረሰ። አጀማመሩ ላይ አባት ስላለበት ነበር የሚዘለው፤ የእሱም አባት ሞተዋልና። አሁን ግን የሚዘልበት ጉልበት አጣ። እትዬ ሸጊቱ እንዲህ ይላሉ፦

«አባቴ በአህያ ውሃ እየጫኑ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ዝናብ እንዳይመታኝ ብለው ትምህርት ቤት በር ድረስ ጃንጥላ ይዘውልኝ መጡ። ጓደኞቼ ማን ናቸው ሲሉኝ፣ የቤታችን ሠራተኛ ናቸው አልኳቸው። አባቴ ሰምተዋል። ጃንጥላውን ዘረጉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፣ ይለፉ እመቤቴ አሉኝ። እስከ ቤት ድረስ ጃንጥላውን ከላዬ ይዘው ከኋላዬ ተከተሉኝ። አህያዋ ደግሞ ከእሳቸው ኋላ። ሰፈሩ ለማየት ወጣ። አህያዋ እንኳ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ከሦስታችን ያፈረችው እሷ ናት ብዬ እስከ ዛሬ እምላለሁ። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ አልይዝም፤ ጉንፋን የማያጣኝም ለዚህ ነው። አባቴ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ሞቱ። ልጠይቃቸው ስነሣ ነገ፣ ነገ እል ነበር፤ ነገ ጥሩ ቃል አገኝ ይሆናል ብዬ። አንባቢዬ ሆይ፣ ጥሩ ቃል የሚባል የለም። ያለህ ያው መጥፎው ነው። እሱን ይዘህ ሂድ።»

ባንታምላክ አህያዋ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ጉንፋኑ ላይም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና መጽሐፉን ፊቱ ላይ ከደነው። ወረቀቱ የሰሊጥ ሽታ ነበረው። አንዲት ፊቷን አይቶ የማያውቃት ሴት ከሩቅ አገር እጇን ዘርግታ አንገቱን ደገፍ ያደረገችው መሰለው።

ዓርብ ጉዕሽ ሸሚዙን አጣጥፎ አመጣለት። «አልፈልግም» አለው። በሥራ ልብሱ፣ ክንዱ ላይ በተቀደደችው ካናቴራ፣ ሎሪ ላይ ተንጠልጥሎ ገዳሪፍ ገባ።

ሱቁ ሰው ነበረበት። ሁለት ሴቶች ጨርቅ ይመርጣሉ፤ አንድ ሽማግሌ ሻይ ይጠጣሉ፤ ከሚዛኑ አጠገብ ጋሽ እንግዳው፣ ያን ቀን ሳይወጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ እግሩ ከደጁ ተተከለ። «ነገ» አለው አንድ ድምፅ በልቡ። «ብቻዋን ስትሆን፣ በጥሩ ቃል።» ያን ድምፅ አወቀው፤ ከራኩባው ሥር አንብቦታል። ገባ።

ሃና ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ የተዘጋ መስኮት ነበር።

«ምን ልታዘዝ?» አለችው፣ ለማንም እንደምትለው።

«ላነብልሽ ነበር» አለ፤ ድምፁ የእሱ አልመሰለውም። «ዛሬ ግን ከመጽሐፉ አይደለም።»

«አላውቅህም እኮ። ከማላውቀው ሰው አልሰማም።»

ሴቶቹ ጨርቁን ለቀው ዞሩ። ባንታምላክ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ባንታምላክ የምባል ሳሉግ ነኝ» አለ። «ወኪል አይደለሁም። የማዘው ሰው ቢኖር አንድ ጓደኛዬ ጉዕሽ ነው፤ እሱም አይሰማኝም። ፈተና ወድቄያለሁ። ለብሼው የምመጣው ሸሚዝ የጉዕሽ ነው። ዝንጥ ብዬ ስታዪኝ ጉዕሽ ራቁቱን ራኩባ ሥር ተቀምጦ ሸሚዙን ይጠብቃል።»

አንደኛዋ ሴት አፏን በእጇ ያዘች።

«ማጭድ መያዝ እችላለሁ። ሂላ ማቆም እችላለሁ። መደበቅ ግን እንደማልችል ዓለም አየው። ወደ መሬት መግባት ነበር የፈለግሁ፤ ሰሊጡ ቀደመኝና እሱ ገባ። ስንለቅመው ሰነበትን። እስከ ዛሬ ጆሮዬን ባራገፍኩ ቁጥር ትንሽ ምርት ይገኛል።»

ሽማግሌው ሻያቸው ትን አላቸው። ሴቶቹ ሳቃቸውን ለቀቁት። ጋሽ እንግዳው እንኳ ጺማቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያልሳቀች ሃና ብቻ ናት። የባንታምላክ ፊት እንደ ፍም ነደደ፤ እሱ ግን አልቆመም።

«እዚህ ድረስ ያለው ያስቃል» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም። ስሜን ጠርተሽኝ አላውቅሽም አልኩ። ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል ስፈልግ ሰነበትኩ፤ የለም። ይቅርታ ብቻ ነው ያለኝ። እሱንም ዘግይቼ ነው ያመጣሁት።»

ሃና ሁለት እጇን ባንኮኒው ላይ ተከለች።

«ሳሉግ ስለሆንክ የናቅኩህ ይመስልሃል? አባቴ ይህን አገር ሲረግጥ ምን ነበር? ልጅነቴን ሙሉ ያጫወተኝ የማጭዱን ታሪክ ነው!» ጋሽ እንግዳው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ክረምቱን ሙሉ በሌላ ሴት ጉድ ስንስቅ፣ የራስህን አንዲት ጉድ እንኳ ልታምነኝ አልቻልክም። እሺ ይሁን። ግን መኪና ውስጥ አባቴ ደግሞ ጠየቀኝ፣ ይሄን ልጅ ከየት ታውቂዋለሽ ሲለኝ፣ አላውቀውም አልኩት! እኔ! ለአባቴ! ከዶካ ገዳሪፍ ሙሉ መንገዱን ፊቴን በቶብ ሸፍኜ መጣሁ። አንተ ከሂላ ጀርባ ተደበቅህ፤ እኔስ ከየት ጀርባ ልደበቅ? ማፈር አስተማርከኝ፣ ያ ባንታ።»

ባንታምላክ ማድረግ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ከመጽሐፉ ጎን ዘረጋ፤ መዳፉ ወደ ላይ። ማጭዱ የቆረጠው፣ ነዶው የላጠው፣ የሰሊጡ ሙጫ ያጠቆረው ያ መዳፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተዘረጋ። ሃና አየችው። ብዙ አየችው። አልነካችውም።

ከዚያ መጽሐፉን አነሣች። አንድ ገጽ ጥጉ ታጥፎ ነበርና እዚያው ገለጠችው። ሰው ሁሉ እያያት፣ አባቷ እያዩዋት፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ ጮክ ብላ ጀመረች።

«አ… ባ… ቴ… በ… አህ… ያ…»

ጋሽ እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ። ከሴቶቹ አንዷ «እንዴ፣ አንባቢ ናት ሲሉን አልነበር?» ብላ ኪኪ አለች። የሃና ጆሮ ቀላ። አላቆመችም። «ው… ሃ… እየ… ጫ…» ባንታምላክ ቃሉን ሊያቀብላት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ምን እያደረገች እንደሆነ ገብቶት ነበር። የደበቀችውን የራሷን ጉድ፣ እንደ እሱ፣ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠች ነው።

እየወደቀች እየተነሣች ጃንጥላው ላይ ደረሰች፤ አህያዋ ላይ ደረሰች። አህያዋ አንገቷን ስትደፋ ያች የከንፈሯ ጫፍ ሳታስበው ተንቀሳቀሰች። ከገጾቹ መካከል አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ተንከባላ ጣቷ ሥር ቆመች። አላራገፈቻትም። በዚያችው ጣት ቀጠለች።

«ይ… ቅ… ር…»

እዚያ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችው። የዓይኗ መስኮት ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ ግን ከውስጥ ሰው አለ።

ባንታምላክ ቃሉን አላቀበላትም፤ ጠበቀ። ፊቱ አሁንም ይነድዳል፣ የሱቁ ሰው ሁሉ ያየዋል። ዙሪያውን የሚደበቅበት አንድም ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም ከቆመበት አይነቃነቅም ነበር።